የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነት ያወለቁት ሴቶች

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ቀለበት ነው። ስለ ቀለበት ስላልኩ ግን «አሁን ላድርግላት ወይስ ደሞዝ እስኪጨመርልኝ ልጠብቅ?» የምትለዋ የተለመደች ጭንቀታችን እንዳትመስላችሁ። የማወራችሁ ስለ ጦርነት ነው። «ቀለበትና ጦርነትን ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ትንሽ ታገሱኝ። ከሁሉ በፊት የራሴን ጉድ ልናዘዝ።

ነገሩ የሆነው በሚያዝያ 2014 ዓ.ም ነው። የሩሲያ ጦር የዩክሬንን ድንበር ጥሶ ከገባ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። እኔና ጓደኞቼ ማታ ማታ ሰፈራችን ባለች አንዲት ሻይ ቤት እንሰበሰባለን። ቴሌቪዥኑ ታንክ ያሳያል፣ እኛ እናጨበጭባለን። አለ አይደል… የአርሴናልና የማንቸስተር ጨዋታ እንደሚያይ ሰው! ከሁላችንም የባሰው ደግሞ እኔ ነበርኩ። «ይበላቸው! ማን ነካኩ አላቸው? ኃያል ማለት እንዲህ ነው!» እያልኩ ጠረጴዛ እደበድባለሁ። የሻይ ቤቷ ባለቤት «አንተ ልጅ፣ ብርጭቆዬን ትጨርሰዋለህ» ብላ ስንቴ ተቆጥታኛለች።

አንድ ቀን ጠዋት የቅርብ ጓደኛዬ እጮኛ ቤቴ ድረስ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«ጓደኛህን ሂድና መልስልኝ» አለችኝ።

«ከየት?»

«ሰልፍ ይዟል።»

«የምን ሰልፍ? የዘይት ነው የስኳር?»

«የኤምባሲ!» አለችና ልቅሶዋን ለቀቀችው።

ታስታውሱ እንደሆነ፣ በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ በሚገኘው የሩሲያ ኤምባሲ በር ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ወረቀታቸውን ይዘው ተሰልፈው ነበር። «ዘማች እየተመዘገበ ነው፣ ዳጎስ ያለ ክፍያም አለ» የሚል ወሬ ተናፍሶ ነው። ኤምባሲው በኋላ ተዋጊ እንደማይመለምል አስታወቀ፣ ሰልፉም ተበተነ። ያን ቀን ጠዋት ግን እሷም እኔም ይህን አናውቅም።

ጣቷ ላይ ያለችውን ቀጭን የቃል ኪዳን ቀለበት እያዞረች፣ «አንተ ነህ እኮ» አለችኝ። «ማታ ማታ ያንተን ወሬ ሰምቶ ነው የሚገባው። ‹እሱ እንዳለው፣ እሱ እንዳለው› ይለኛል። አንተ እዚህ ሻይህን ትጠጣለህ፣ እሱ ሊሞት ይሄዳል።»

ምን ልበላት? ምላሴ ታሰረ። ልጁ በማግስቱ ተመልሶ ሥራ ፍለጋውን ቀጠለ፤ የእኔ ነገር ግን አልተመለሰም። ለበዓል ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቴን የማዞር ሰው፣ የሰው አገር ከተማ በመድፍ ሲፈርስ ጠረጴዛ እየመታሁ የጨፈርኩት ምን ነክቶኝ ነው?

ምክንያት አጥቼ እንዳይመስላችሁ። የሩሲያ ሐኪሞች ከአድዋ ጦርነት በኋላ መጥተው ቁስለኞቻችንን አክመዋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ሲገባብን ሶቭየት ኅብረት መሣሪያ አቀብላናለች። ምዕራባውያን ደግሞ ዝቅ አድርገው ሲያዩን ያንገበግበኛል። እነዚህ ሁሉ ውሸት አይደሉም። ግን አንዳቸውም «የማን ታንክ የማንን ድንበር አለፈ?» የሚለውን ጥያቄ አይመልሱም። እኔ ደግሞ ያንን ጥያቄ ጭራሽ አልጠየቅኩም።

መልሱን ያገኘሁት ካልጠበቅሁት ቦታ ነው። ከወረሩን ከጣሊያኖች።

ታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም፣ ሮም

እኛ ትምህርት ቤት ስለ ማይጨው ስንማር ስለ ጀግኖቻችን ተማርን፣ ስለ ሙሶሊኒም ተማርን። እዚያ ማዶ፣ ሮም ውስጥ፣ ሽንኩርት የምትልጠው ተራዋ የቤት እመቤት ያን ጊዜ ምን ታደርግ ነበር ብሎ የጠየቀን አስተማሪ ግን አልነበረም። እኔም ቢሆን የ12ኛ ክፍል ጥናቴ ማትሪክ ለማለፍ ነበርና አልጠየቅኩም። ለካ ጉዱ እዚያ ኖሯል!

የፋሺስት ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም መረብን ተሻግሮ አገራችን ገባ። ሁለት ወር ተኩል ሲሆነው፣ ማለትም ታኅሣሥ 8 ቀን፣ በመላው ጣሊያን አንድ ትልቅ በዓል ተደረገ። ስሙ «የፌዴ ቀን» ይባላል። በጣሊያንኛ ፌዴ ማለት እምነት ነው፤ የጋብቻ ቀለበትም በዚያው ስም ይጠራል። ተንኮሉ ታያችሁ? ቀለበትሽን አምጪ ሲሏት እምነትሽን አምጪ ማለታቸው ነው።

በዚያ ቀን ሮም በሚገኘው ያልታወቀው ወታደር መቃብር ላይ ንግሥት ኤሌና ቀድማ ወጣች። የራሷንና የንጉሡን የጋብቻ ቀለበት ሰጠች። ከኋላዋ በቀድሞው ጦርነት ልጆቻቸውን ያጡ እናቶችና ባሎቻቸውን ያጡ ሚስቶች ተከተሉ፤ ከዚያ ሕዝቡ። በሮም ብቻ የተሰበሰበው ቀለበት ወደ 250 ሺህ ይጠጋል ይባላል። ሚላኖና ሌሎች ከተሞችም አልቀሩም። ኒውዮርክና ፊላደልፊያ የሚኖሩ ጣሊያኖች ሳይቀሩ ወርቃቸውን ልከዋል።

በምትኩ ምን ተሰጣቸው? የብረት ቀለበት! ላዩ ላይ «ወርቅ ለእናት አገር» የሚል ቃልና አንድ ቀን ተቀርጾበታል። ቀኑ የሠርጋቸው ቀን እንዳይመስላችሁ። የመንግሥታት ማኅበር በጣሊያን ላይ የጣለው የንግድ ማዕቀብ ሥራ ላይ የዋለበት ኅዳር 8 ቀን ነው። ሚስት ባሏን ያገባችበትን ቀን አውልቃ፣ መንግሥት የተቀየመበትን ቀን አጠለቀች።

እስቲ ልብ በሉ። ከዚያ በዓል 12 ቀን ቀደም ብሎ ደሴ በቦምብ ተደብድባ የቀይ መስቀል ሆስፒታል ድንኳኖች ሳይቀሩ ተመትተዋል። ከበዓሉ በኋላም ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ተከዜ አካባቢ ባለው ጦራችን ላይ የመርዝ ጋዝ ዘነበ። ልዑል ራስ እምሩ በኋላ እንደተረኩት፣ ከአውሮፕላን የተጣለው በርሜል መሰል ነገር መሬት ሲነካ ይፈነዳና ፈሳሽ ይረጫል። ፈሳሹ የነካው ሰው እጁ፣ እግሩ፣ ፊቱ ይላጣል።

ቀለበቷን ያወለቀችው ሴት ይህን ታውቅ ነበር? አታውቅም። ጋዜጣውም ሬዲዮውም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ነው። ግን አንድ ነገር ታውቃለች። ጦሩ ያለው የሰው አገር ውስጥ እንደሆነ።

«እኛ ነን የተበደልነው»

ታዲያ እነዚህ ሰዎች አረመኔ ነበሩ? እኔ እንደገባኝ አልነበሩም። አረመኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጦርነት የሚያጨበጭበው፣ ጦርነት ብዙ ደጋፊ ባላገኘ ነበር። ወራሪ የራሱን ሕዝብ «ኑ ሰው እንግደል» ብሎ አይጠራም። «ኑ፣ ተበድለናል» ብሎ ነው የሚጠራው።

ሙሶሊኒም ያደረገው ይህንኑ ነው። መስከረም 21 ቀን 1928 ዓ.ም ማታ ደወልና ፊሽካ ሕዝቡን ወደየአደባባዩ ጠራው። ሰውየው ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ምን አለ? ኢትዮጵያን 40 ዓመት ታገሥናት አለ። አድዋን ማለቱ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስንት ሰው ሞቶብን፣ ቅኝ ግዛት ሲከፋፈሉ ለእኛ ፍርፋሪ ነው የደረሰን አለ። ንግግሩ በየከተማው በድምፅ ማጉያ ተሰማ።

ሰሚው ማን ነው? መሬት የሌለው ገበሬና ሥራ ፈላጊ ሞልቶበታል። ድሮ ችግር ሲጠና ወደ አሜሪካ ይሰደድ ነበር፤ አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1924 ባወጣችው የኮታ ሕግ በሯን ገርበብ አድርጋዋለች። እንዲህ ላለው ሰው «አፍሪካ ውስጥ ለም መሬት አለህ፣ የከለከሉህ ሰዎች ናቸው» ብትለው ምን ይላል? አቦ፣ እውነት እንናገር፣ እኛስ ብንሆን ምን እንላለን?

ከዚያ በፊትም ሰበብ ተዘጋጅቷል። በኅዳር ወር 1927 ዓ.ም ወልወል ላይ ግጭት ተነሣ። ወልወል የኢትዮጵያ መሬት ነው፤ ጣሊያኖች ድንበር አልፈው ገብተው ምሽግ የሠሩበት ቦታ ነው። ሲተኮስባቸው ግን «ተጠቃን! ይቅርታ ጠይቁን፣ ካሳም ክፈሉን» አሉ። ሰው ቤት ገብቶ «ለምን ገፋኸኝ?» እንደማለት ነው።

ማዕቀቡ ደግሞ እሳቱ ላይ ቤንዚን ሆነ። ሃምሳ ያህል አገሮች ተስማምተው የጣሉት ማዕቀብ ነዳጅን አልነካም። ጦሩና ስንቁ የሚያልፍበት የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ስለዚህ ጦርነቱን አላቆመውም። ለሙሶሊኒ ግን ትልቅ ስጦታ ሆነለት። «ዓለም በሙሉ ከበበን!» የሚል ጽላት ተቀርጾ በየማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ እንዲተከል ታዘዘ። ወራሪው «ተከበብኩ» አለ፤ ሕዝቡም አመነው። ቀለበቱ የወለቀው ያን ጊዜ ነው።

«ያልተማረ ሕዝብ ስለሆነ ነው» የሚል አይጠፋም። እንዲህ ሲባል እኔን ደስ ይለኛል መሰላችሁ? አይለኝም፤ እውነትም አይደለም። ከአንድ ዓመት በፊት የኖቤል ሽልማት ያገኘው ደራሲ ሉዊጂ ፒራንዴሎ ሜዳሊያውን ለጦርነቱ ሰጥቷል። ፋሺስቶችን በግልጽ ይቃወም የነበረው ታላቁ ፈላስፋ ቤኔዴቶ ክሮቼ እንኳ የሴናተርነት ሜዳሊያውን አስረክቧል። «መንግሥቱን አልወደውም፣ አገሬ ግን አገሬ ናት» የምትለዋ ሐሳብ ፈላስፋውንም አሸነፈችው። እንግዲህ ዲግሪ አላዳነም ማለት ነው።

ዘፈኑና ሕጉ

ጦርነት መልካም ስም ይፈልጋል። ጣሊያኖች «የምንሄደው ባሪያ ነፃ ልናወጣ ነው» አሉ። የሚያሳዝነው ነገር፣ በአገራችን ባርነት ነበረ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆንም ይህን ልታጠፋ ቃል ገብታ ነው። ስለዚህ ወሬው ውስጥ እውነት አለበት። ጥሩ ውሸት ሁልጊዜ ትንሽ እውነት ጣል ይደረግበታል፤ ወጥ ላይ እንደሚነሰነስ ጨው።

ለወጣቱ ወታደር ደግሞ ዘፈን ወጣለት። «ፋቼታ ኔራ» ይባላል፤ «ጥቁር ፊቷ ልጅ» እንደማለት ነው። ጣሊያናዊው ጎረምሳ መጥቶ ነፃ ስለሚያወጣት አንዲት ሐበሻ ቆንጆ የሚያወራ ነው። መቼም ለሃያ ዓመት ልጅ ከዚህ የበለጠ መጥሪያ ከየት ይመጣል! ዘፈኑ አገር ምድሩን አዳረሰው። ሲጨርሱስ? ሚያዝያ 1929 ዓ.ም የወጣው የፋሺስት ሕግ ጣሊያናዊ ወንድ ከሐበሻ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ 5 ዓመት እሥራት ይቀጣል አለ። በፍቅር ስም የጠሩትን ልጅ፣ ፍቅር ወንጀል ነው አሉት። ሕጉ ከመውጣቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ደግሞ «ነፃ ልናወጣ መጣን» ያሉት ሰዎች አዲስ አበባ ላይ የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ ፈጽመዋል።

የሰጡትን መልሶ መውሰድ ያቅታል

ከሁሉም በላይ ያስገረመኝ ግን ይህ ነው። ሰው ለጦርነት አንድ ነገር ከሰጠ በኋላ፣ ጦርነቱ ክፉ ነበር ብሎ ማመን ያቅተዋል። ቀለበቷን የሰጠች ሴት «ለክፉ ሥራ ነው የሰጠሁት» ብትል፣ ወርቁ ብቻ ሳይሆን ልቧም ይሰበራል። ስለዚህ ክፉ ወሬ ስትሰማ «ውሸት ነው!» ትላለች። መንግሥትም ይህን ያውቃል። ከወርቁ ይልቅ የፈለገው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።

ኢንድሮ ሞንታኔሊ የሚባል ዝነኛ ጣሊያናዊ ጋዜጠኛ ነበር። በ1928 ዓ.ም፣ በ26 ዓመቱ፣ ማለትም በእኔ ዕድሜ ገደማ፣ በፈቃዱ ዘምቶ መኮንን ሆኖ አገራችንን ወግቷል። በዘመቻው ላይ ገና ልጅ የነበረች ኤርትራዊት በገንዘብ ወስዶ እንደነበር በኋላ ራሱ በቴሌቪዥን ተናግሯል። ይህ ሰው «ኢትዮጵያ ውስጥ መርዝ ጋዝ አልተጣለም፣ እኔ እዚያው ነበርኩ» እያለ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ተከራከረ። አንጄሎ ዴል ቦካ የተባለው የአገሩ ሰው፣ የታሪክ ጸሐፊ፣ ሰነድ እየጠቀሰ «ተጥሏል» ይለዋል፤ እሱ «አልተጣለም» ይላል። በ1988 ዓ.ም የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ራሱ ጋዝ መጣሉን አመነ። ያኔ ሞንታኔሊም ተሳስቼ ነበር አለ። ስንት ዓመቱ መሰላችሁ? ሊዋሽ ፈልጎ ነው አልልም። ወጣትነቱን ሰጥቶ ነበርና፣ ስጦታው ከንቱ ነበር ማለት 60 ዓመት ፈጀበት።

ሁሉም ግን አንድ አልነበረም። ኢሊዮ ባሮንቲኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሁለት ጓዶቹን አስከትሎ ተደብቆ አገራችን ገብቶ ከአርበኞቻችን ጋር የገዛ መንግሥቱን ተዋግቷል። እነዚህም የዚያው አገር ሰዎች ናቸው። ስለዚህ «ጊዜው ነው፣ ምን ይደረግ?» የምትለዋ ማመካኛ ብዙም አታስኬድም።

እንግዲህ ምን ይሻላል?

እኔ ለራሴ ሦስት ጥያቄ አበጅቻለሁ። ከጠቀማችሁ ውሰዱት።

የመጀመሪያው፣ ድንበር ያለፈው ማን ነው? ታሪኩን፣ ውለታውን፣ ቂሙን ከመስማቴ በፊት ይህን አስቀድማለሁ። የቤቱን በር የሰበረው ማን እንደሆነ ሳላውቅ «ለምን ተጣሉ?» ወደሚለው አልሄድም። ወዳጄ ቢሆንም እጠይቃለሁ። እንዲያውም ወዳጄ ሲሆን አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛው፣ የእኔን ቁስል የሚነካካው ለምንድን ነው? ድህነቴ እውነት ነው፣ መናቄ እውነት ነው። ግን አንድ ሰው መጥቶ «የሚያምህ እኮ በእነ እገሌ ምክንያት ነው» ካለኝ፣ ሊያክመኝ ነው ወይስ ሊጭነኝ ብዬ አስባለሁ።

ሦስተኛው፣ ምን ሰጥቻለሁ? ክርክር፣ ስድብ፣ ጭብጨባ፣ ጓደኛ… እኔ የሰጠሁት ወሬዬን ነው። በዚያች ሻይ ቤት ውስጥ ስንት ማታ አወራሁ! ለዚህ ነው ስለ ሞቱት ሕፃናት ሲነገር «የምዕራባውያን ፈጠራ ነው» እል የነበረው። ያን ሁሉ ከደሰኮርኩ በኋላ ማመን አልቻልኩማ። የእኔ የብረት ቀለበት እሷ ነበረች።

እናንተም እስቲ እጃችሁን እዩት። ስለ ሩቅ አገር ጦርነት ብቻ አይደለም የማወራው።

ጓደኛዬና እጮኛው በ2015 ዓ.ም ተጋቡ። ቀለበታቸውን የገዙት ያኔ ፒያሳ ከነበሩት ወርቅ ቤቶች ከአንዱ ነው። ፒያሳ የሚለው ቃልም ከእነዚያው ከጣሊያኖች የቀረ መሆኑን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ሚዜም እኔ ነበርኩ፤ ሁለቱ ቀለበቶች ኪሴ ውስጥ ነበሩ። በየደቂቃው በእጄ እዳብሳቸዋለሁ፤ አሉ። ሙሽራዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ዛሬ እንኳ ወሬ ቀንስና ቀለበቱን ጠብቅ» አለችኝ።

ጠበቅሁ።